ለእንግዳው ስፖርት፣ ለልጁ ወንጀል

ነገሩ የተጀመረው በሁለት መንጠቆ ነው፡፡ በሁለት ብቻ፡፡

ባለፈው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ከመናኸሪያ ባጃጅ ይዘን ወደ ሐይቁ ወረድን፡፡ (እኛ የመናኸሪያ ክፍለ ከተማ ልጆች "ሐይቅ ልንሄድ ነው" ስንል ሌላ አገር የምንሄድ ያህል እንዘጋጃለን፡፡ በባጃጅ የደቂቃዎች መንገድ እኮ ነው፡፡) ዳር ላይ ሁለት ሰዎች ውኃው ላይ ክር ጥለው ቆመዋል፡፡ በመካከላቸው ሠላሳ እርምጃ ቢኖር ነው፡፡ አንዱ ከውጭ የመጣ እንግዳ ነው፤ ሐበሻ ይሁን ፈረንጅ ለክርክራችን ለውጥ የለውም፡፡ በእጁ ቀጭን፣ እንደ አለንጋ የሚተጣጠፍ ዘንግ ይዟል፡፡ ሌላው ዐሥራ ሁለት ዓመት ቢሆነው ነው፡፡ በእጁ ሸንበቆ ይዟል፡፡

ትንሽ ቆይቶ አንድ ዩኒፎርም የለበሰ ሰው መጣ፡፡ ወደ እንግዳው ሄዶ ሰላም አለውና "ያዘ?" ብሎ ጠየቀው፡፡ ፎቶም አነሳለት፡፡ ከዚያ ሠላሳዋን እርምጃ ተራመደና የልጁን ሸንበቆ ነጥቆ ጉልበቱ ላይ ሰበረው፡፡ ልጁ አልተከራከረም፡፡ ከተሰበረው ሸንበቆ ላይ ክሩን በጥንቃቄ ፈታ፣ ጠቀለለ፣ ኪሱ ከተተና ሄደ፡፡ ለመደው ማለት ነው፡፡

ጋዜጠኝነት ስንማር ደጋግመው የነገሩን ነገር ቢኖር "ሁለቱንም ወገን ስሙ" የሚለው ነው፡፡ ስለዚህ ዩኒፎርም ለባሹን ጠየቅነው፡፡ መልሱ አጭር ነበር፤ "ዓሣውን የጨረሱት እነዚህ ልጆች ናቸው፡፡ ደግሞ አንድ መንጠቆ አይበቃቸውም፣ ሁለት ሁለት ነው የሚያስሩት፡፡"

እኛም ዞር ብለን የእንግዳውን ክር አየን፡፡ እሱም ሁለት ነው ያሰረው፡፡

ወደ መናኸሪያ ስንመለስ በየሻዩ ቤት የተከራከርነው ይህንን ነው፡፡ ከመካከላችን "ሕግ ሕግ ነው፣ ልጅ ደግሞ ትምህርት ቤት ነው ቦታው" ያለም ነበር፡፡ ይህ ጽሑፍ የዚያ ክርክር ውጤት ነው፡፡ አቋማችንን ከወዲሁ እንናገር፤ የሁለቱ ክር ሥራው አንድ ነው፣ ስለዚህ ሕጉም አንድ መሆን አለበት፡፡ ሐይቃችንን እየጨረሰ ያለው ደግሞ ከሁለቱም ክር ጫፍ ላይ የለም፡፡

የእንግዳው ክር

እንግዳው የሚያደርገው ነገር "ፍላይ ፊሺንግ" ይባላል፤ በእኛ ቋንቋ በዝንብ ማጥመድ ብንለው ያስኬዳል፡፡ ዝንቡ እውነተኛ ዝንብ አይደለም፡፡ ትንሽ መንጠቆ ላይ ላባ፣ ጸጉርና ክር ተጠቅልሎ ነፍሳት እንዲመስል ተደርጎ የሚሠራ ነገር ነው፡፡ ክብደት ስለሌለው እንደ ድንጋይ አይወረወርም፡፡ የሚወረወረው ከኋላው ያለው ወፈር ያለ ክር ነው፡፡ በዚያ ወፍራም ክር ጫፍ ላይ ዓሣ እንዳያየው ተብሎ የሚያሳልፍ ቀጭን ናይለን ይቀጠላል፡፡ ዝንቡ የሚታሰረው እሱ ላይ ነው፡፡

ታዲያ ለምን ሁለት? ወንዝ ላይ ውኃው ራሱ ምግቡን እየነዳ ለዓሣው ያደርስለታል፤ አጥማጁ ዓሣው የሚቆምበትን ቦታ ካወቀ ግማሹን ጨረሰ፡፡ ሐይቅ ግን አይነዳም፡፡ ሐይቅ ላይ ትልቁ ጥያቄ "የት?" ብቻ ሳይሆን "ስንት ሜትር ላይ?" የሚል ነው፡፡ የሐዋሳ ሐይቅ 90 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ይሰፋል፣ ጥልቅ በሚባለው ቦታው ከ20 ሜትር በላይ ይወርዳል፡፡ ዓሣው ከሥር ይሁን ከመሐል ይሁን ከላይ፣ ከዳር ቆሞ ማን ያውቃል?

ማታ ማታ በሐይቁ ዳር አምፖል ዙሪያ የምትርመሰመሰውን፣ ቢንቢ የምትመስል ግን የማትናከስ ነፍሳት አስተውላችሁ ይሆናል፡፡ ሳይንቲስቶቹ ቺሮኖሚድ ይሏታል፡፡ ልጅነቷን የምታሳልፈው በሐይቁ ወለል ጭቃ ውስጥ በትል መልክ ነው፡፡ ጊዜዋ ሲደርስ ቅርጿን ለውጣ ቀስ እያለች ወደ ላይ ትወጣለች፤ ውኃው ፊት ላይ ቆዳዋን ጥላ ትበራለች፡፡ ዓሣ በሦስቱም ቦታ ይጠብቃታል፡፡ እንግዲህ እንግዳው ከሥር የትሏን ምስል፣ ከፍ ብሎ ደግሞ ወደ ላይ የምትወጣዋን ምስል አንድ ክር ላይ አሰረ ማለት ነው፡፡ ሁለተኛዋን የሚያስራት ከዋናው ክር በሚወጣ አጭር ቅጥያ፣ ከጫፏ ዝንብ አንድ ሜትር ወይም ትንሽ በለጥ ብሎ ነው፡፡ ከባዷ ዝንብ ጫፍ ላይ፣ ቀላሏ ቅጥያው ላይ ትሆናለች፡፡ ምክንያቱም ከባዷ ስትወረወር ክሩን ጎትታ ቀጥ ታደርገዋለች፣ ስትሰምጥም ወጥራ ትይዘዋለች፡፡ ተገላቢጦሹ ከተደረገ ክሩ አየር ላይ እርስ በርሱ ይተበተባል፣ ከሰዓቱም ግማሹ ቋጠሮ በመፍታት ያልቃል፡፡

ከዚያ መጠበቅ ነው፡፡ ዓሣው ሦስት ጊዜ የላይኛዋን ብቻ ከነካ መልሱ ተገኘ፤ ዛሬ ዓሣው ከፍ ብሏል፡፡ ስለዚህ ሁለት ዝንብ ሁለት ዓሣ ለመያዝ ሳይሆን አንድ ጥያቄ ለመጠየቅ ነው፡፡ በነገራችን ላይ ይህ አዲስ ፈጠራ አይደለም፡፡ የስኮትላንድ አጥማጆች በሐይቆቻቸው ላይ ሦስት ዝንብ አንድ ክር ላይ ማሰርን ከቆየ ልማዳቸው ይቆጥሩታል፡፡

የልጁ ክር

አሁን ወደ ሸንበቆው እንምጣ፡፡ ልጁ የገባበትን እስኪነግረን ድረስ ሁለት ቀን ፈጀብን፤ ዩኒፎርም የላክን መስሎት ነበር፡፡ በመጨረሻ ክሩን ከኪሱ አውጥቶ አሳየን፡፡ ጫፉ ላይ ትንሽ እርሳስ አለች፡፡ ከእርሳሷ ከፍ ብሎ አጭር ቅጥያ ወጥቶ አንድ መንጠቆ፣ ከዚያ ክንድ ያህል ራቅ ብሎ ሌላ ቅጥያና ሌላ መንጠቆ፡፡ የታችኛው ላይ ትል፣ የላይኛው ላይ ሊጥ ይሰካል፡፡

"ለምን ሁለት?" አልነው፡፡

"ቢልጫ ከሥር ነው፡፡ ቆሮሶ አንዳንዴ ከፍ ይላል፡፡ የቱ ጋ እንዳለ አይታወቅማ!"

ከባዱ ከሥር፣ ቀላሉ ከላይ፡፡ አጭር ቅጥያ፡፡ በመካከላቸው ክፍተት፡፡ ሁለት ጥልቀት፣ ሁለት ምግብ፣ አንድ ጥያቄ፡፡ ይህንን ልጅ ማንም መጽሐፍ አላስነበበውም፡፡ የእንግዳው ዕቃ በውጭ ምንዛሪ ይገዛል፤ የልጁ ዕቃ ከመርካቶ የመጣ ናይለንና አንድ ሸንበቆ ነው፡፡ ያለው ልዩነት ይኸው ነው፡፡ እኛ ግን አንዱን "ስፖርት"፣ ሌላውን "ስግብግብነት" ብለን ሰየምነው፡፡

ቃሉ የሚመረጠው በመንጠቆው ብዛት አይደለም፣ በያዘው ሰው ጫማ ነው፡፡

"ዓሣውን የጨረሱት ልጆቹ ናቸው"

እስቲ ክሱን እንደ ክስ እንመልከተው፡፡ መንጠቆ በአንድ ጊዜ አንድ ዓሣ፣ ቢበዛ ሁለት ይይዛል፡፡ ዓሣው መራብ አለበት፣ ማየት አለበት፣ አፉ መንጠቆውን መጉረስ አለበት፡፡ መረብ ግን ራብ አይጠይቅም፡፡ ማታ ይዘረጋል፣ ሌሊቱን ሙሉ ቆሞ ያድራል፣ ጠዋት ይሰበሰባል፡፡ የመረብ ሕሊናው ዐይኑ ነው፡፡ ዐይኑ ሰፊ ከሆነ ትንሹ ዓሣ ሾልኮ ያልፋል፤ አድጎ፣ ወልዶ፣ ለሚቀጥለው ዓመት ይደርሳል፡፡ ዐይኑ ጠባብ ከሆነ ግን አንድም ጊዜ ያልወለደውን ሁሉ ጠርጎ ያወጣል፡፡

ከሐዋሳ ሐይቅ ለገበያ ከሚወጣው ዓሣ አብዛኛው ቆሮሶ ነው፡፡ አምባዛና ቢልጫ ይከተላሉ፡፡ ሐይቁ ላይ የሚሠሩ አጥኚዎች ለዓመታት የሚጽፉት ስለ አንድ ነገር ነው፤ ከመጠን በላይ ስለማጥመድ፣ ስለ ጠባብ ዐይን መረብ፣ ለዐቅመ መራባት ሳይደርስ ስለሚወጣ ቆሮሶ፡፡ የዐሥራ ሁለት ዓመት ልጅን ሸንበቆ የችግሩ ራስ አድርጎ ያቀረበ ጥናት እኛ አላየንም፡፡

ማስረጃ ከፈለጋችሁ ጠዋት አሞራ ገደል ሂዱ፡፡ አባ ኮዳዎቹ እንደ ጡረተኛ ዳኛ ተኮፍሰው ከቆሙበት አጠገብ ጀልባዎቹ ሲራገፉ ተመልከቱ፡፡ መዳፍ የማታክል ቆሮሶ ካያችሁ ራሳችሁን ጠይቁ፤ ይህችን ያመጣት የቱ ሸንበቆ ነው? ደግሞ አምባዛ የሚያጠምዱ ሰዎች ብዙ መንጠቆ የተንጠለጠለበት ረጅም ገመድ ሐይቁ ውስጥ ያሳድራሉ፡፡ ይህ የታወቀ ሙያ ነው፣ ቤተሰብ ያስተዳድራል፣ እኛም አንቃወምም፡፡ ግን በብዙ መንጠቆ ገመድ ያልተባለ "ስግብግብነት" በሁለት መንጠቆ ሸንበቆ ላይ ሲባል ያሳፍራል፡፡

ለምን ልጁ ላይ ይቀላል? መልሱን ሁላችንም እናውቀዋለን፡፡ ጠባብ ዐይን መረብ በሌሊት ይዘረጋል፤ እሱን ለመያዝ ጀልባ፣ ነዳጅና ድፍረት ያስፈልጋል፡፡ መረቡ ባለቤት አለው፣ ባለቤቱ ደንበኛ አለው፣ ደንበኛው ዘመድ አለው፡፡ ሸንበቆ ግን በቀን ብርሃን ዳር ላይ ይቆማል፡፡ ለመስበርም ጉልበት ብቻ ይበቃል፡፡ የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995 ከወጣ ከሃያ ዓመት በላይ ሆኖታል፡፡ አዋጁ የወጣው የዓሣ ሀብት እንዳይመናመን ነው እንጂ የሸንበቆ ስብራት እንዲቆጠር አይደለም፡፡

እንግዳውስ ከደሙ ንጹሕ ነው?

እዚህ ላይ "እንግዳው እኮ ይዞ ይለቃል፣ ልጁ ግን ይበላል፣ ይሸጣል" የሚል ሰው አይጠፋም፡፡ በመካከላችንም ይህን ያለ አለ፡፡ ጥሩ ክርክር ነው፣ ስለዚህ ጥሩ መልስ ይገባዋል፡፡

የቆሮሶ እናት እንቁላሏን የምትፈለፍለው አፏ ውስጥ ነው፡፡ ጫጩቶቿም አደጋ ሲመጣ ተመልሰው አፏ ውስጥ ይገባሉ፡፡ እንግዲህ እንዲህ ያለችው እናት በመንጠቆ ተይዛ ብትለቀቅ፣ ፎቶ ተነስታ፣ ስማ ተሰናብታ ብትለቀቅ፣ በትግሉ መሐል አፏ ውስጥ ያለውን ተፍታው ሊሆን ይችላል፡፡ እናቲቱ ትተርፍ ይሆናል፤ ቤተሰቡ ግን ላይተርፍ ይችላል፡፡ ስለዚህ "ይዞ መልቀቅ" ያለ ቦታና ያለ ጊዜ ከተደረገ ጽድቅ አይደለም፡፡ የቀለበ ልጅ ከመያዝ ይልቅ ለፎቶ የተያዘ ዓሣ ይበልጥ ንጹሕ ነው የሚያሰኝ ምክንያትም አይታየንም፡፡ አንዱ ለእራት፣ አንዱ ለመዝናናት ይዟል፡፡ ሁለቱም መብት ሊኖራቸው ይችላል፤ የእራቱ ግን ከመዝናኛው አያንስም፡፡

ሁለት መንጠቆም የራሱ ጣጣ አለው፣ አንደብቀውም፡፡ አንዱን መንጠቆ የጎረሰ ዓሣ ሲታገል ሁለተኛው ነጻ ሆኖ ይወናጨፋል፤ ቄጠማ ውስጥ ይጠመጠማል፣ ክሩ ይበጠሳል፣ ዓሣው አፉ ላይ መንጠቆ፣ ኋላው ላይ ክር እየጎተተ ይሄዳል፡፡ አልያም የአጥማጁ እጅ ውስጥ ይሰካል፡፡ ተበጥሶ ዳር የቀረ ናይለን የወፍ እግር ይጠመጥማል፤ ሐይቁ ዳር እግሯን ክር የተጠመጠመባት ወፍ እኛው ራሳችን አይተናል፡፡ የማን ክር እንደሆነ ክሩ አልተናገረም፡፡ ለዚህ ነው አንዳንድ አገር ጉዳዩን በሕግ የቆረጠው፡፡ ካናዳ ውስጥ ብሪቲሽ ኮሎምቢያ የምትባለው ክፍለ ግዛት በሐይቅ ማጥመጃ የታወቀች ሆና ሳለ ደንቧ በመሠረቱ አንድ ሰው በአንድ ክር አንድ መንጠቆ ብቻ ይላል፡፡ ስኮትላንድ ደግሞ ሦስቱን ታስራለች፡፡ ሁለቱም ደንብ ሊያስኬድ ይችላል፡፡ የማያስኬደው ለባለ ውድ ዘንግ ስኮትላንድ፣ ለባለ ሸንበቆ ብሪቲሽ ኮሎምቢያ መሆን ነው፡፡

ከባሌ የምንማረው

በዝንብ ማጥመድ ለኢትዮጵያ እንግዳ ነው የሚል ካለ ወደ ባሌ ይሂድ፡፡ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ይሆነዋል፤ ትራውት የሚባል የብርድ ውኃ ዓሣ ከኬንያ መጥቶ ዌብን በመሳሰሉ የባሌ ወንዞች ውስጥ ተለቀቀ፡፡ ዓላማው ማጥመጃ እንዲሆን ነበር፡፡ ዓሣው ተራባ፡፡ በዲንሾ በኩል የሚያልፉ አጥማጆችም ዘንጋቸውን ይዘው ይሄዳሉ፡፡

እኛ ከዚህ ሁለት ነገር እንማራለን ባይ ነን፡፡ አንደኛ፣ ለአጥማጅ ደስታ ተብሎ የሰው አገር ዓሣ ማምጣት ቀላል፣ መመለስ ግን የማይቻል ነገር ነው፤ የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በ2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ሲመዘገብ ለዚያ ያበቃው ሌላ ቦታ የማይገኝ የራሱ ሀብት እንጂ ትራውቱ አይደለም፡፡ ሐዋሳ ላይ "ለቱሪስት የሚሆን ዓሣ እናምጣ" የሚል ሐሳብ አንድ ቀን ቢነሳ ከወዲሁ እንቢ ብለናል፡፡ ቢልጫ አለልን፤ ነፍሳት ይበላል፣ ቀንድ አውጣ ይበላል፣ ሲያዝም ክንድ ያስጨንቃል፡፡ ሁለተኛ፣ ዓሣው ያለበት ቦታ የተወለደው ልጅ ከጨዋታው ውጭ ከሆነ ጨዋታው ሥር አይሰድም፡፡ ቢልጫ በየትኛው ሰዓት ወደ ዳር እንደሚጠጋ የሚያውቀው ያ ኪሱ ውስጥ ክር ጠቅልሎ የሄደው ልጅ ነው፡፡ እንግዳው በዚያ ቅዳሜ አንድም ዓሣ አልያዘም፡፡ ልጁ ሸንበቆው ከመሰበሩ በፊት ሦስት ይዞ ነበር፡፡

ታዲያ ምን ይሁን?

መጮህ ብቻ አይበቃም፣ እንላለን፡፡

የመንጠቆ ቁጥር ይወሰን፤ ሁለት ይሁን ወይም አንድ፣ ግን ለሁሉም አንድ ዓይነት ይሁን፡፡ ደንቡም ቢሮ ውስጥ ሳይሆን ሐይቁ ዳር፣ ልጅ ሊያነበው በሚችል ቋንቋና ፊደል መጠን ይለጠፍ፡፡ ቁጥሩ ሁለት ከሆነ የመንጠቆው ወደኋላ የሚመለስ እሾህ በፒንሳ ተጨፍልቆ ይተኛ፡፡ ይህ ምንም ወጪ የለውም፤ ትንሹ ዓሣ ሳይቀደድ ይለቀቃል፣ የሰው እጅም ይተርፋል፡፡ ቆሮሶ የሚራባበት ቄጠማማ ዳርቻ ለሁሉም ይከለል፤ ለመረብም፣ ለሸንበቆም፣ ለውድ ዘንግም፡፡

ቁጥጥሩ ዳር ላይ ሳይሆን መረቡ ከሚሸጥበት ሱቅ ይጀምር፡፡ የመረብ ዐይን ለመለካት ጀልባ አያስፈልግም፣ ማስመሪያ ይበቃል፡፡ የሐይቁ ዳርቻ በሲዳማና በኦሮሚያ የተያዘ መሆኑም አይረሳ፡፡ ሲዳማ በ2012 ዓ.ም. ራሱን የቻለ ክልል ሆኗል፤ ሐይቁ ግን ወሰን አያውቅም፡፡ በአንዱ ዳር የተከለከለ መረብ በሌላው ዳር ከገባ ክልከላው ወረቀት ነው፡፡

ልጆቹን በተመለከተ፤ "ቦታው ትምህርት ቤት ነው" ያለው ጓደኛችን ልክ ነው፡፡ ግን ሸንበቆ መስበር ማንንም ክፍል ውስጥ አላስገባም፡፡ ያ ቀን ደግሞ ቅዳሜ ነበር፡፡ ዕድሜያቸው የደረሱት ወጣቶች ተደራጅተው፣ ፈቃድ ተሰጥቷቸው እንግዳ አጥማጅ ቢመሩ፣ የት እንደሚጣልና የት እንደማይጣል ቢነግሩ፣ የተበጠሰ ናይለን ቢሰበስቡ፣ ሐይቁ ደመወዝ የማይጠይቅ ሳይሆን ደመወዝ የሚገባው ጠባቂ ያገኛል፡፡

ይህ ሁሉ ሆኖ ደግሞ የጥቁር ውኃን ደለል፣ የከተማውን ፍሳሽ ዝም ካልን መንጠቆ ስንቆጥር ሐይቁ ያልቅብናል፡፡ የሐዋሳ ሐይቅ መውጫ ወንዝ የለውም፤ የገባ ሁሉ እዚያው ይቀራል፡፡ ጎረቤቱ ጨለለቃ ቀድሞ ሐይቅ ነበር፤ ዛሬ ረግረግ ነው፡፡ ጨለለቃን በሸንበቆ አጥምዶ ያደረቀው ልጅ ካለ ስሙን ንገሩን፡፡

ልጁን ባለፈው ረቡዕ ድጋሚ አገኘነው፡፡ አዲስ ሸንበቆ ይዟል፡፡ ክሩ ያው የድሮው ነው፣ ሁለቱም መንጠቆዎች አሉ፡፡ "ድጋሚ ቢሰብሩብህስ?" አልነው፡፡

"ሸንበቆ ሞልቷል" አለና ወደ ውኃው ዞረ፡፡

ሸንበቆስ ሞልቷል፡፡ እኛ የምንፈራው ዓሣው እንዳያልቅ ነው፡፡